ሁለት ጣት አይበቃም

ለደሴና ለኮምቦልቻ የካርታ መተግበሪያ ለመሥራት ለሚነሱ ወጣቶች ምክር እንዲሆን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው የኮምቦልቻ ልጅ ናቸው፤ ኮድ የሚያውቁ ሰው መሆናቸውም ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ስክሪን የማይችለውን ትልቅ ነገር፣ ካርታም ይሁን ሰፊ ሠንጠረዥ፣ ለማሰስ ሁለት ጣት (አጉልቶና አሳንሶ ማየት፣ ዙም የሚባለው) እና አንድ የመፈለጊያ ሳጥን ይበቃል። ጠቅላላውን አሳንሳ እያሳየች ጥግ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ካርታ ቦታ ከማባከን በቀር ፋይዳ የላትም። መሀሉን አጉልቶ ዳሩን የሚያጨማድደው «የዓሣ ዓይን» የተባለው አሠራር የ1980ዎቹ መጫወቻ ነው። ስክሪን ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ ማስዋቢያ ነው። የቀረ ችግር ካለ ትልቅ ስክሪን ይፈታዋል፤ ካልሆነም ስሪ ዲ (ጥልቀት ያለው ምስል) እየመጣ ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ የይዞታ ካርታ ላይ ተጎንብሼ የምውል ሰው ነኝ፤ ነገሩ እንጀራዬ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ከጽሑፉ የምስማማበት አለ፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። የማልስማማው ግን መሠረቱ ላይ ነው። ዙም ቦታን በጊዜ ይለውጣል። ጎን ለጎን ሊታዩ የሚገባቸውን ሁለት ነገሮች ስክሪኑ ስለማይችላቸው በየተራ ያሳየናል፤ በየተራ ያየነውን አንድ ላይ የሚሰፋው የተጠቃሚው ማስታወስ ነው። ጸሐፊው ይህን ዕዳ የትም አልመዘገቡትም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ ሁለት ጣት ይበቃል ያሉትን እንይ። የኢንተርኔት ካርታዎች በአብዛኛው የሚቆረጡት 256 በ256 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) በሆኑ ካሬዎች ነው። በዙም ደረጃ 0 ዓለም በሙሉ አንዲት ካሬ ላይ ያርፋል፤ አንድ ደረጃ በገባን ቁጥር እያንዳንዷ ካሬ አራት ትሆናለች። የአንድ ቤት ጣሪያ በሚለይበት በደረጃ 18 ካሬዎቹ ወደ 69 ቢሊዮን ይጠጋሉ። በእኛ አካባቢ እዚያ ደረጃ ላይ አንድ ፒክስል 60 ሳንቲ ሜትር ግድም መሬት ይሸፍናል። እንግዲህ ካርታው 360 ፒክስል አድርጎ የሚቆጥረው የተለመደ የስልክ ስፋት የሚያሳየን 210 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ ቧንቧ ውሃ የተባለውን ሰፈር አያሳይም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ሳይሆን በአየር እንኳ ብንለካው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያ ማለት 1920 ፒክስል ስፋት ባለው የቢሮ ስክሪን ዘጠኝ ስክሪን ያህል ጎን ለጎን መደርደር ማለት ነው።

አሁን አንድ ነጋዴ ለመጋዘን የሚሆን ቦታ ሲያማርጥ አስቡት። አንዱ ደሴ፣ ጢጣ ነው፤ አንዱ ኮምቦልቻ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ። የሚያየው ብዙ ነው፦ ተሳቢ መኪና የሚዞርበት ግቢ አለ ወይ፣ መግቢያው ስንት ሜትር ነው፣ ከዋናው አስፋልት ምን ያህል ይርቃል፣ ጎረቤቱ መኖሪያ ነው ወይስ ፋብሪካ፣ ጎርፍ የሚወርደው በየት በኩል ነው። በሁለት ጣት ጢጣን አጉልቶ ያያል፤ ያሳንሳል፤ ሐረጎን ያቋርጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ እንደገና ያጎላል። እዚያ ሲደርስ የጢጣው መግቢያ በምሥራቅ ነበር በምዕራብ? ይመለሳል። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ዓይን አይቶ ለአፍታ የሚይዘው ነገር ከጥቂት ስለማያልፍ ነው።

ይህ የእኔ ግምት እንዳይመስል፣ ማቲው ፕለምሊና ኮሊን ዌር በ2006 ባሳተሙት ጥናት ዙምንና ጎን ለጎን የተከፈቱ መስኮቶችን በትክክል በዚህ መለኪያ አወዳድረዋል። የሚነጻጸረው ነገር ጥቂት ሲሆን ዙም ይበቃል፤ ተጨማሪ መስኮት መክፈትና ማስተካከል ራሱ ድካም ነውና። የሚነጻጸረው ሲበዛ ግን መስኮቶቹ ያሸንፋሉ፤ በዙም የሠሩት ሰዎች ስህተትም በዝቷል። የነጋዴው መፍትሔ እንግዲህ ግልጽ ነው፦ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ጢጣን ከላይ፣ ኮምቦልቻን ከታች ማድረግ፣ ሁለቱም በአንድ ልክ እንዲጎሉ ማሰር። ጸሐፊው ለወጣቶቹ ይህን አንድ ነገር እንኳ ቢነግሯቸው ጽሑፉን አመሰግነው ነበር።

ዙም ብቻውን ሲቀር ሌላም ጣጣ አለው። በጣም ካጎላን በኋላ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሜዳ ብቻ የምናይበት ጊዜ አለ፤ ወዴት ብንሄድ ምን እንደምናገኝ የሚጠቁም አንዳች ነገር የለም። ሱዛን ጁልና ጆርጅ ፈርናስ በ1998 «የበረሃ ጭጋግ» ብለው የጠሩት ይህንን ነው። ሐረጎ ላይ በክረምት ጉም የወረደበት ሾፌር ስሜቱን ያውቀዋል፤ መንገዱ እዚያው አለ፣ መኪናውም ደህና ነው፣ ግን ቀጣዩ ኩርባ አይታይም። ከበረሃው ጭጋግ መውጫው እስኪታወቅ ድረስ ማሳነስ ነው። ያሳነሰ ሰው ግን ሲፈልገው የነበረው ጥቃቅን ነገር ይጠፋበታል፤ ተመልሶ ሲያጎላም በትንሹ ስቶ ሌላ ሰፈር ላይ ይወድቃል።

ወደ ትንሿ ካርታ ልምጣ፤ ዋናው ክርክር እዚህ ነው። ጸሐፊው ጥግ ላይ ያለችው ማውጫ ካርታ ሰውን እንደምታዘገይ በጥናት ተረጋግጧል ይሉና የ2002ቱን የካስፐር ሆርንቤክን፣ የቤንጃሚን ቤደርሰንንና የካትሪን ፕሌዛንን ሙከራ ይጠቅሳሉ። ጥናቱ እውነት ነው፤ የጠቀሱት ግን ግማሹን ነው። 32 ሰዎች በሁለት የአሜሪካ ግዛቶች ካርታ፣ በዋሽንግተንና በሞንታና፣ ማውጫ ኖሮና ሳይኖር ሠሩ። ትክክለኛ መልስ በማግኘት በኩል ልዩነት አልታየም። ከመቶ 80ው ተሳታፊ ማውጫ ያለውን መረጠ፤ የት እንዳለሁ አውቅበታለሁ ብሎ። ያለ ማውጫ ፈጥነው የተገኙት ከሁለቱ ካርታዎች በአንዱ ላይ ብቻ ነው። ያ ካርታ፣ የዋሽንግተኑ፣ ደግሞ በየደረጃው የተደራጀ ነበር፤ ስናሳንስ ትልልቁ ስም ብቻ ይቀራል፣ ስናጎላ ዝርዝሩ ይከተላል። አጥኚዎቹም የገመቱት ይህንኑ ነው፦ ካርታው ራሱ በየደረጃው በቂ ምልክት ስለሰጠ ማውጫዋ ትርፍ ሆነች።

ልብ ያለው ሰው ከዚህ ሌላ ነገር ይማራል። የደሴ የይዞታ ካርታ እንደ ሞንታናው ነው ወይስ እንደ ዋሽንግተኑ? አብዛኛውን ጊዜ እኛ እጅ ያለው መረጃ ደረጃ የለውም፤ ሁሉም መስመር እኩል ነው፣ የአጥር መስመሩም የመንገዱም። ስናሳንሰው ወደ ግራጫ ዝተት ይለወጣል። እንዲህ ያለ ካርታ ላይ ማውጫዋን ማንሳት ሰውን ዓይኑን ጨፍኖ መስደድ ነው። እኔ ኪው ጂ አይ ኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ስሠራ የማውጫዋን ሰሌዳ ከፍቼ ነው የምውለው፤ ያለሁበትን የምታሳየዋን የቀይ ሬክታንግሏን ቦታ ባየሁ ቁጥር አይጠየፍ ኮረብታ ሥር ነኝ ወይስ ወደ ቦሩ ሜዳ አቅጣጫ እየወጣሁ ነኝ ብዬ አልጠይቅም። ጸሐፊው ማውጫዋን ለማንሳት ከፈለጉ መጀመሪያ ካርታውን ደረጃ በደረጃ ያደራጁት፦ ሲርቅ የቶሳ ተራራና አስፋልቱ፣ ሲቀርብ ሰፈሩ፣ ይበልጥ ሲቀርብ ደግሞ የቤት ቁጥሩ። ይህ ሥራ ከባድ ነው፤ ከኮድ ይልቅ ካርታውን መስመር በመስመር መለየት ይጠይቃል። ሰው የሚሸሸውም ለዚህ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የምስማማበትን ላስቀምጥ። ስልክ ላይ ማውጫዋ ትውጣ ካሉ እሺ። በ2006 ቶርስተን ቡሪንግና ባልደረቦቹ 24 ሰዎችን በእጅ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ላይ ፈትነው ያለ ማውጫ ፈጥነው እንደሠሩ አይተዋል፤ ስክሪኑ ትንሽ ሲሆን ለማውጫ የሚቆረሰው ቦታ ከጥቅሙ ይበልጣል። ይሁንና ማውጫ ይውጣ ማለትና በቦታው ምንም አይግባ ማለት ይለያያሉ። ፓትሪክ ባውዲሽና ሩት ሮዘንሆልትስ በ2003 ለዚሁ ለትንሽ ስክሪን አንድ ብልሃት አምጥተዋል፤ ስሙ ሃሎ ይባላል። ከስክሪኑ ውጭ በቀረው በእያንዳንዱ ተፈላጊ ቦታ ዙሪያ ክብ ይሠራል፤ የክቡ ጠርዝ ብቻ ስክሪኑ ዳር ላይ ቅስት ሆኖ ይታያል። ቅስቱ ጠባብ ከሆነ ቦታው ቅርብ ነው፤ ሰፊና ለጥ ያለ ከሆነ ሩቅ ነው። ቀስትና ቁጥር ከሚያሳየው አሠራር ጋር ሲወዳደር ሰዎች ሥራቸውን ከ16 እስከ 33 በመቶ ፈጥነው ጨርሰዋል። ቅስቶቹ ሲበዙ ይደራረባሉ፤ በ2008 የመጣው ዌጅ የተባለው ሌላ ዘዴ ቅስቱን በሾጣጣ ሦስት ማዕዘን የተካው ለዚህ ነው። ለባጃጅ ሹፌር የሚሆን መተግበሪያ ለሚሠራ ወጣት ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም። ሹፌሩ አራዳ ቆሞ ሦስት ደንበኛ ከስክሪኑ ውጭ በየትኛው በኩል፣ ምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ጣቱን ሳያነሳ ያያል።

ስለ ጥቅልል አሞሌው፣ በተለምዶ ስክሮል ባር ስለምንለው፣ ጸሐፊው ለረጅም መዝገብ አይረዳም ያሉትን አልከራከርም። 100 ሺህ ረድፍ ያለው መዝገብ ላይ 900 ፒክስል የሚረዝም አሞሌ በአንድ ፒክስል ከመቶ በላይ ረድፍ ያዘልላል። ይሂድ።

የዓሣ ዓይን ግን እንዲህ በአንድ መስመር የሚጣል አይደለም። ሮበርት ስፔንስና ማርክ አፐርሊ በ1982 መሀሉን በሙሉ ልኩ አሳይቶ ግራና ቀኙን የሚያጠብ ማሳያ አቀረቡ። ፈርናስ በ1986 ሐሳቡን ወደ ቀመር መለሰው፦ የአንድ ነገር ተፈላጊነት ማለት በራሱ ያለው ክብደት፣ አሁን ካለንበት ነጥብ ያለው ርቀት ተቀንሶለት ነው። ከባድ ነገር ሩቅም ቢሆን ይታያል፤ ቀላል ነገር የሚታየው ቅርብ ሲሆን ነው። ቀመሩ ውስጥ መስታወት የለም፤ መጠምዘዝም የለም። ጸሐፊው የተቃወሙት ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ ምስሉን እንደ ጎማ የሚስበውን ዓይነት ነው። በእሱ ላይ እኔም አብሬያቸው እቆማለሁ። ካርል ጉትዊን በ2002 እንዳሳየው ጠቋሚው ሲጠጋ ዒላማው ስለሚንቀሳቀስ ሰው ይስታል። በይዞታ ካርታ ላይ ደግሞ ነውር ነው፤ የሁለት ጎረቤት የወሰን መስመር ስክሪን ላይ ሲጎብጥ ያየ ባለጉዳይ «መሬቴን ቆረሳችሁት» ብሎ ቢነሳ ማን ይፈርድበታል?

ሐሳቡ ግን ሳናውቀው በየቀኑ እጃችን ላይ ነው። ኤክሴል ከ2007ቱ ዕትም ጀምሮ አንድ ገጽ 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ ይይዛል። የግብር ከፋዮችን መዝገብ የከፈተ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ረድፍና የስሙን ዓምድ እንዳይንሸራተቱ ባያስር ኖሮ ወደ ቀኝ ሃያ ዓምድ ሄዶ የማንን ዕዳ እንደሚያነብ አያውቅም። ያ ማሰር የፈርናስ ቀመር ነው፦ ርዕሱ ከባድ ነው፣ ስለዚህ የትም ብንሄድ አይጠፋም። ሃሪ ቤክ በ1933 የታተመለትን የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ሲሥል መሀል ከተማውን አስፍቶ ዳሩን ሰብስቧል፤ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን። ከደሴ ተነስተው በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ቆላ ለሚወርዱ ሾፌሮች የመንገድ ካርታ የሚሠራ ሰው ካለ ሐረጎን አስፍቶ፣ ከባቲ በታች ያለውን ሜዳ ቢያሳጥረው ማንንም አያሳስትም። የወሰን ካርታና የመንገድ ካርታ ለየቅል ናቸው።

መፈለጊያ ሳጥን አሰሳን ገድሎታል የሚለው ደግሞ እዚህ አገር ሆኖ መጻፉ ይገርማል። ቤታችንን ለእንግዳ ስንነግር ሆጤ፣ ከመስጊዱ ወረድ ብሎ፣ ሰማያዊ በር እንላለን እንጂ የጎዳና ስምና ቁጥር አንጠራም። «ወረድ ብሎ» የትኛው ሳጥን ውስጥ ይጻፋል? የፊደሉም ነገር አለ፤ ሐረጎን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል፤ ፕሮግራሙ ሁለቱን አንድ አድርጎ እንዲቆጥር ካልተነገረው በአንዱ የተመዘገበ በሌላው አይገኝም። ይህ በኮድ ይስተካከላል፣ አብሽሩ። የማይስተካከለው ሌላ ነው። መፈለጊያ የሚያገኘው ስሙን የምናውቀውን ነው። ቦርከናን ተከትሎ ሲወርድ ከፋብሪካዎቹ በታች የትኛው ማሳ በመስኖ እንደሚጠጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚጽፈው ስም የለውም፤ ወንዙን በዓይኑ ተከትሎ መውረድ አለበት። ቤን ሽናይደርማን በ1996 ለእንዲህ ያለው ሥራ ቅደም ተከተል አስቀምጧል፦ መጀመሪያ አጠቃላዩ፣ ቀጥሎ ማጉላትና ማጣራት፣ ዝርዝሩ ሲጠየቅ ብቻ። ጸሐፊው ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ከዝርዝሩ ጀምሩ እያሉን ነው።

እንቅስቃሴ ማስዋቢያ ነው፣ ደካማ ስልክ ላይ ይጥፋ የሚለውን በከፊል እረዳዋለሁ። መረቡ ሲዳከም በእያንዳንዱ የዙም ደረጃ ካሬዎቹ እንደገና ይጠራሉ፤ ገጹ ግራጫ ሆኖ ይቆያል፤ የጥቅል ብሩም ይበላል። ነገር ግን ሰውን ከጢጣ አንስቶ በብልጭታ ኮምቦልቻ ላይ ቢጥሉት የት እንዳለ አያውቅም። ቤደርሰንና አንጀላ ቦልትማን በ1999 በቤተሰብ የዘር ሐረግ ሥዕል ላይ በሞከሩት ጥናት፣ ለስላሳ እንቅስቃሴ ያዩ ሰዎች አቀማመጡን ኋላ ከልባቸው መልሰው በመሥራት በልጠዋል፤ ሥራውም አልዘገየባቸውም። ያርክ ቫን ዋይክና ዊም ኑይ ደግሞ በ2003 ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ለመሄድ የሚሻለውን መንገድ በሒሳብ አስልተዋል፦ እየሄዱ ማሳነስ፣ መሀል ላይ ሁለቱንም ዳር የሚያሳይ ከፍታ መድረስ፣ ከዚያ እየወረዱ ማጉላት። ዛሬ ካርታዎች ላይ ከከተማ ወደ ከተማ «ሲበሩ» የምናየው ቅስት ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ታኬዎ ኢጋራሺና ኬን ሂንክሊ በ2000 ያቀረቡት አለ፤ ተጠቃሚው ፈጥኖ ሲያንሸራትት ገጹ ራሱ ያንሳል፣ ሲያዘግም ይጎላል፤ ዓይን የሚያመልጠው ነገር እንዳይኖር። ለደካማ መረብ መድኃኒቱ እንቅስቃሴውን ማጥፋት ሳይሆን የሁለቱን ከተሞች ዝቅተኛ ደረጃ ካሬዎች አስቀድሞ ስልኩ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከደረጃ 0 እስከ ደረጃ 12 ድረስ ደሴንና ኮምቦልቻን የሚሸፍኑት ካሬዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ክብደቱ ያለው ከዚያ በላይ ነው።

ትልቅ ስክሪን ይፈታዋል ለተባለው፣ ከእጅ አይሻል ዶማ። 3840 ፒክስል ስፋት ያለው ውድ ስክሪን በደረጃ 18 የሚያሳየው ሁለት ኪሎ ሜትር ከሩብ ገደማ ነው፤ ደሴ በሸለቆው ከዚያ ብዙ ትረዝማለች። በኤክሴልም ከፍታው 2160 የሆነው ስክሪን በመደበኛው 20 ፒክስል ረድፍ ቢሞላ 108 ረድፍ ነው፤ ከሚሊዮን ውስጥ። ደግሞስ ስንት ሰው ነው እዚህ ከስልክ ሌላ ስክሪን ያለው?

የመጨረሻው የስሪ ዲ ነገር ነው። ቶሳን በስሪ ዲ ማየት ደስ እንደሚል አልክድም፤ ቁልቁለትና ናዳ ለሚያጠና ሰውም ይጠቅማል፣ ምንም እንኳ ያንኑ በከፍታ መስመር ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማንበብ ቢቻል። ለማሰስ ግን ከፊት ያለው ከኋላ ያለውን ይከልላል። አንዲ ኮክበርንና ብሩስ ማኬንዚ በ2002 ሰዎች የድረ ገጽ ምስሎችን ቦታ ቦታ አስይዘው ቆይተው እንዲያገኟቸው ጠይቀው ነበር፤ ሦስተኛውን አውታር ለመጠቀም ነፃነታቸው በሰፋ ቁጥር ምስሉን የማግኘት ፍጥነታቸው ወርዷል።

ጸሐፊው መልስ የሚሰጡ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ እንዲነግሩን እጠይቃለሁ፦ ሁለት ጣት ይበቃል ሲሉ የፈተሹት በየትኛው ሥራ ላይ ነው? ስሙ የታወቀ አንድ ቦታ ማግኘት ከሆነ እስማማለሁ። ሁለት ቦታ ማወዳደር፣ ወንዝ ተከትሎ መውረድ ወይም ደረጃ በሌለው የይዞታ ካርታ ላይ ሰፈር መለየት ከሆነ ግን ውጤቱን ማየት እፈልጋለሁ።